ውሃው ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ? በዘንግ፣ በሰዓትና በሃይላንድ ጠርሙስ የመለየት ዝርዝር መመሪያ

ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ፣ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ አንድ የገበሬ ቦይ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ውሃ ለካሁ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛው ወር ነበር። በሰከንድ 45 ሊትር አገኘሁ። ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ያለውን ጊዜ ለሦስት የሽንኩርት ማሳ እኩል አካፍዬ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰዓት ጻፍኩና ወረቀቱን የመስኖ ውሃውን ተራ ለሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ለውሃ አባቱ ሰጠሁ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሦስተኛው ባለተራ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ከማሳው ሲሶው ገና ደረቅ ነው።

«ውሃውን የለካኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አሉኝ የውሃ አባቱ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ የሚያጠጣው እኮ ከአራት ሰዓት በኋላ ነበር።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። ዩኒቨርሲቲ «ስቴዲ ፍሎው፣ አንስቴዲ ፍሎው» (ቋሚ ፍሰት፣ ተለዋዋጭ ፍሰት) እያልን ለፈተና የሸመደድነውን ነገር ባንዲት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ልኬቴ እንዳለ ትክክል ነበር። ያጠፋሁት ከመለካቴ በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ መቅረቴ ነው፤ ይህ ውሃ አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃዋል?

ከዚህ በታች ያለው ያንን ጥያቄ ለመመለስ የምሄድበት መንገድ ነው። ለመስኖ ባለሙያም፣ ለምህንድስና ተማሪም፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ ለሰቀለ ሰውም ይሆናል።

ደረጃ 1፦ አንድ ቦታ ቆማችሁ ጠይቁ

«ቋሚ ፍሰት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የቆመ ውሃ ይመስላል። ውሃው እየጋለበም ቋሚ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ቦዩ ዳር አንዲት ነጥብ መርጣችሁ፣ ዓይናችሁን ከእሷ ሳትነቅሉ ብትቆዩ፣ በዚያች ነጥብ ላይ የሚያልፈው ውሃ ፍጥነቱ፣ ጥልቀቱና ግፊቱ ጊዜ በሄደ ቁጥር ይለወጣል? ካልተለወጠ ፍሰቱ ቋሚ ነው። ከተለወጠ ተለዋዋጭ ነው። የሚያልፈው ውሃ በየቅጽበቱ አዲስ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ከፊቱ ያለፈው ያደረገውን ይደግማል።

ሁለት ቃል ብቻ ያዙ፦ ቦታው ተይዞ። ቦታው ተይዞ ጊዜው ሲሄድ ለውጥ ከሌለ ቋሚ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚስተው ይህችን «ቦታው ተይዞ» ስለሚዘላት ነው። ውሃውን ተከትሎ ይሄድና «ፍጥነቱ እዚህ ጋ ጨመረ፤ ስለዚህ ተለዋዋጭ ነው» ይላል።

ቧንቧ በስሱ ከፍታችሁ እዩት። ውሃው ከአፉ ሲወጣ ወፈር ይልና ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። የሚቀጥነው ስለሚፈጥን ነው። ከአፉ በሰከንድ 1 ሜትር ከወጣ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ወደ 2.2 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል። ያው የውሃ መጠን በበለጠ ፍጥነት ስለሚያልፍ ሰፊ መንገድ አያስፈልገውም። እያንዳንዷ ጠብታ እየፈጠነች ነው የምትወርደው። ሆኖም ከአፉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላችሁ አንድ ቦታ ላይ ብታተኩሩ ውፍረቱም ፍጥነቱም ከደቂቃ በፊት የነበረው ነው። ስለዚህ ቋሚ ነው፤ ወጥ ግን አይደለም።

«ወጥ» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ጊዜው ተይዞ ቦታው ሲለወጥ የሚጠየቅ። ስፋቱና ተዳፋቱ እኩል በሆነ ረጅም የሲሚንቶ ቦይ ውስጥ መጠኑ ሳይቀያየር የሚወርድ ውሃ ቋሚም ወጥም ነው። ቦዩ መሐል ላይ ከጠበበ ቋሚነቱ እንዳለ ሆኖ ወጥነቱ ይቀራል። ጎርፍ ሁለቱንም አይደለም። አራተኛው ዓይነት፣ ማለትም ተለዋዋጭ ሆኖ ወጥ የሆነው፣ ብዙ ጊዜ ምሳሌ ሲጠየቅለት ዝም የሚባልበት ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ ቧንቧ ሙሉ ውሃ እንደያዘ መዝጊያውን ቀስ እያላችሁ ስትከፍቱ የሚሆነው እሱ ነው፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ውሃ አብሮ ይፈጥናል፤ በየትኛውም ቅጽበት ግን የቧንቧው ራስና ጅራት እኩል ፍጥነት አላቸው።

ሌላው መደናገሪያ «ላሚናር» (ተደርድሮ የሚሄድ) እና «ተርቡለንት» (የተናወጠ) የሚባሉት ናቸው። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀለም እየለቀቀ ያሳየው ልዩነት ስለ ውስጣዊ መረጋጋትና መናወጥ ነው እንጂ ስለ ቋሚነት አይደለም። በስሙ የሚጠራው ቁጥር ቧንቧ ውስጥ ከ2,000 አካባቢ በታች ከሆነ ውሃው ተደርድሮ ይሄዳል። ከላይ ያልኩት የቀወት ቦይ ላይ ቁጥሩን ባሰላው ወደ 180,000 ይመጣል። ማለትም ሁልጊዜ የተናወጠ ነው፤ ፊቱ ይፍለቀለቃል፣ ይሽከረከራል። ሆኖም አማካዩ ካልተነቃነቀ ቋሚ ብለን እንሠራበታለን። ጠብታዋን ከጠየቃችሁ በዓለም ላይ ቋሚ ቦይ የለም፤ የምንጠይቀው አማካዩን ነው።

ደረጃ 2፦ በባልዲ ተለማመዱት

ወደ ቦይ ከመውረዳችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ይህን ሥሩ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ እኔ ከየትኛውም የክፍል ትምህርት ይልቅ የተማርኩት ከዚህ ነው።

ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ፈልጉ። ጀሪካን አይሆንም፤ ትከሻው ሒሳቡን ያበላሻል። ግርጌው አጠገብ፣ ጎኑ ላይ በጋለ ምስማር 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ብሱ። ባልዲው ውስጥ ከቀዳዳው ጀምራችሁ ወደ ላይ በየ7.5 ሳንቲ ሜትሩ በማርከር አስምሩ፤ እስከ 30 ድረስ አራት መስመር ይወጣችኋል። ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ እስከ ላይኛው መስመር ሙሉ፣ ከዚያ ልቀቁና ሰዓት ያዙ።

ውሃው መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይወረወራል። ከዚያ ቅስቱ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ በመጨረሻ የባልዲውን ጎን ተከትሎ መንሸራተት ይጀምራል። ቶሪቼሊ ይህን ቀመር ካወጣው ወደ 400 ዓመት እየተጠጋ ነው፦ የሚወጣው ፍጥነት ከላዩ ያለውን የውሃ ከፍታ በሜትር ወስዶ፣ በ19.6 አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር በሰከንድ 2.4 ሜትር ይሆናል። በ7.5 ሳንቲ ሜትር 1.2። ከፍታው ወደ ሩብ ሲወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ከዚህ የሚወጣውን ነገር ስልካችሁ ላይ ስታዩት ትገረማላችሁ። የአፉ ስፋት 28 ሳንቲ ሜትር በሆነ ባልዲ ላይ የመጀመሪያው ሦስት አራተኛ ውሃ ወደ 11 ደቂቃ ይወስድበታል። የቀረው ሩብም ሌላ 11 ደቂቃ። ቀዳዳችሁ ትንሽ ከሰፋ ወይም ከጠበበ ደቂቃው ይቀየራል፤ ሁለቱ ጊዜዎች እኩል መሆናቸው ግን አይቀየርም። (የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ይዘገያሉ፤ እነሱን ተዉአቸው።) ይህ ንጹሕ ተለዋዋጭ ፍሰት ነው። አንድ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ የወጣውን ለክቶ «በዚህ ሒሳብ ባልዲው በዚህን ያህል ደቂቃ ያልቃል» ቢል ግማሽ ያህሉን ይስታል፤ 11 ደቂቃ ብሎ 22 ይሆንበታል።

አሁን ያንኑ ባልዲ ቋሚ አድርጉት። ጎማ አምጡና ከላይ ውሃ ልቀቁበት፤ ከሚወጣው ትንሽ በልጦ በአፉ እየፈሰሰ እንዲቆይ። ከፍታው ስለተያዘ ቅስቱ አንድ ቦታ ላይ እየወደቀ ይቆያል። መሬት ላይ የሚወድቅበትን ቦታ በጠጠር ምልክት አድርጋችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ብትመለሱ እዚያው ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ከሁለቱ ይበልጥብኛል። ጎማውን ቀንሱና በደቂቃ አንድ ሊትር የማይሞላ፣ ወደ 0.86 ሊትር ብቻ እንዲገባ አድርጉ። ሙሉው ባልዲ መጉደል ይጀምራል። በጎደለ ቁጥር ግን የሚወጣውም ያንሳል። 7.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የሚገባውና የሚወጣው ይተካከላሉ፤ ከዚያ በኋላ አይነቃነቅም። ተለዋዋጩ ፍሰት ራሱን ቋሚ አደረገ። ወንዝም፣ ኩሬም፣ የከተማ ማጠራቀሚያም ሚዛናቸውን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ ቦይ ከከፈታችሁ በኋላ «እስኪረጋ ጠብቁ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ዘንጉን ትከሉ

ወደ ቦዩ እንውረድ። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ዘንግ፣ ሜትር፣ ስልክ፣ ደብተርና ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው።

ቢያንስ 10 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሣርና ድንጋይ ያልበዛበት፣ ከመከፋፈያውም ከመታጠፊያውም ራቅ ያለ ቦታ ምረጡ። ዘንጉ ላይ በየሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጋችሁ እስከ ቦዩ ወለል ድረስ አጥብቃችሁ ትከሉት። ዘንጉ ከተነቃነቀ ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ዘንጉን የሚመታው ውሃ ፊት ለፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ስለሚል ንባቡን ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ውሰዱ።

የውሃው ፊት ከተፍለቀለቀና ማንበብ ካስቸገረ አንዱን ጠርሙስ ሁለቱንም ጫፍ ቁረጡና ቱቦ አድርጉት። ጎኑን በመርፌ ሦስት አራት ቦታ ብሳችሁ፣ የታችኛው አፉን ጭቃው ውስጥ ሰክታችሁ ከዘንጉ ጋር እሰሩት። ውስጡ ያለው ውሃ ረጋ ብሎ አማካዩን ያሳያችኋል። ትልልቅ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች የሲሚንቶ ጉድጓድ የሚሠሩት ለዚሁ ሥራ ነው፤ የእናንተ ጠርሙስ ታናሽ ወንድሙ ነው።

ከዚያ በየ5 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት አንብቡና ጻፉ። አሥራ ሦስት ቁጥር ታገኛላችሁ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። እኔም በዚያ ጠዋት የዘለልኩት ይህንን ነው።

ቁጥሮቹ 20፣ 20፣ 19.8፣ 20.2፣ 20፣ 19.9 እያሉ ወዲያና ወዲህ ከዋለሉ ያ ማወዛወዝ ነው፤ ቋሚ ብላችሁ ሂዱ። 20፣ 19.8፣ 19.7፣ 19.5፣ 19.3 እያሉ ባንድ አቅጣጫ ከሄዱ ግን እያንዳንዱ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ተለዋዋጭ ነው። የልዩነቱን ትልቅነት ሳይሆን አቅጣጫውን ፈልጉ። እኔ የምጠቀምበት መስፈርት ይህ ነው፦ በሰዓቱ ውስጥ አቅጣጫ ያለው ለውጥ ከጥልቀቱ ከመቶ ሁለት እጅ ካለፈ ቋሚ አልለውም።

ለምን እንዲህ አጠበቅከው ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱም ውሃ ሲጎድል የሚቀንሰው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱም አብሮ ይደክማል። በአየርላንዳዊው መሐንዲስ በማኒንግ ስም የሚታወቀው ቀመር እንደሚለው፣ ሰፋ ባለ ቦይ የፍሰቱ መጠን ከጥልቀቱ አምስት ሦስተኛ ኃይል ጋር አብሮ ይሄዳል። ከ20 ሳንቲ ሜትር ላይ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ጣት ቢጎድል፣ ጥልቀቱ የቀነሰው ከመቶ 10 ነው፤ ውሃው ግን ከመቶ 16 ይቀንሳል። አንድ ጣት የስድስት ሰው ውሃ ላይ የአንዱን ድርሻ ይበላል ማለት ነው። ጠባብ ቦይ ላይ ትንሽ ይለዝባል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ቦዩ ዳር የምትቆዩበት ጊዜም ፍርዱን ይለውጠዋል። ለአንድ ሰዓት ቋሚ የሆነው ቦይ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብትከታተሉት በጋው በገፋ ቁጥር እየሰለለ ይሄዳል። ስለዚህ «ቋሚ ነው» ስትሉ «ለዚህ ሥራ፣ በዚህ ሰዓት ውስጥ» የሚለውን ደብተራችሁ ላይ ጨምሩበት።

ደረጃ 4፦ ቋሚ ከሆነ አንዴ ለኩና ጨርሱ

ይህ አጭር ነው። 10 ሜትር ለክታችሁ በሁለቱም ጫፍ ክር ወጥሩ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ግጠሙ፤ ባዶ ከሆነ ነፋስ ይገፋዋል። ከመጀመሪያው ክር ትንሽ ከፍ ብላችሁ መሐል ላይ ጣሉትና ከክር እስከ ክር የሚወስድበትን ሰከንድ ያዙ። አምስት ጊዜ ደጋግሙ። ዳር የተጠጋውን አትቁጠሩት።

ላይ ላይ ያለው ውሃ ከአማካዩ ስለሚፈጥን የተገኘውን ፍጥነት ቀንሱት። ለለሰለሰ የሲሚንቶ ቦይ በ0.85 አባዙ፣ ጥልቀቱ ላነሰና ለሸካራ የአፈር ቦይ እስከ 0.65 ዝቅ በሉ፤ እኔ መሐሉን፣ 0.75ን እወስዳለሁ። 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ከሄደ 0.5 ሜትር በሰከንድ ነው፤ በ0.75 ሲባዛ 0.375። ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የመስቀለኛው ስፋት 0.12 ሜትር ካሬ ነው። ሁለቱን ስታባዙ 0.045 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም በሰከንድ 45 ሊትር። በሰዓት 162 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ ሁለት ጥማድ፣ ግማሽ ሄክታር ላይ ቢዳረስ የ32 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ነው።

ደረጃ 5፦ ተለዋዋጭ ከሆነ አንድ ቁጥር አትመኑ

በዚያ ጠዋት ከእኛ በላይ ያሉት በየተራ ጠለፋቸውን እየከፈቱ ነበር፤ በሰዓት ልዩነት የኛ ቦይ ይጎድላል። በማግስቱ ዘንግ ተክዬ በየሰዓቱ ስለካ እንዲህ ሆነ፦ ሁለት ሰዓት ላይ 45 ሊትር በሰከንድ፣ ሦስት ሰዓት ላይ 38፣ አራት ሰዓት ላይ 31፣ አምስት ሰዓት ላይ 25።

አሠራሩ ይህ ነው። የሁለት ተከታታይ ልኬቶችን አማካይ ውሰዱ፣ በመካከላቸው ባለው ጊዜ አባዙ፣ ከዚያ ደምሩ። የመጀመሪያው ሰዓት አማካይ 41.5 ሊትር ነው፤ በ3,600 ሰከንድ ሲባዛ 149 ሜትር ኪዩብ። ሁለተኛው 124። ሦስተኛው 101። ድምሩ 374። እኔ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ ያካፈልኩት ግን 45ን በሦስት ሰዓት አባዝቼ 486 ሜትር ኪዩብ ነበር። 112 ሜትር ኪዩብ የሌለ ውሃ አድዬ ነበር ማለት ነው፤ ጉድለቱም ለሦስቱ እኩል አልደረሰም። ሦስተኛው ባለተራ 162 ተብሎ 101 ነው ያገኘው።

ፍሰቱ በፍጥነት የሚቀያየር ከሆነ የሰዓት ልዩነት ይበዛል፤ በየ15 ደቂቃው ለኩ። በየጊዜው ጠርሙስ መወርወር የለባችሁም። አራት አምስት የተለያየ ጥልቀት ላይ አንድ ጊዜ ለክታችሁ «ዘንጉ ይህን ሲያነብ ውሃው ይህን ያህል ነው» የሚል ሰንጠረዥ ከሠራችሁ ከዚያ ወዲያ ዘንጉን ማንበብ ብቻ ይበቃል።

ተራ ስታካፍሉም ሰዓቱን ሳይሆን ውሃውን አካፍሉ። 374ን ለሦስት ብንከፍለው ለአንዱ ወደ 125 ሜትር ኪዩብ ይደርሰዋል። ውሃው ሙሉ ሳለ የሚያጠጣው ይህን በ49 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለተኛው 58 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው 73 ደቂቃ። ይህን ይዤ ለውሃ አባቱ ሳሳያቸው፣ ድሮም ቢሆን ለኋለኛው ባለተራ «ጥቂት ጨምሩለት» እንደሚሉ ነገሩኝ። ጥቂቱ ስንት እንደሆነ ነው የኔ ሒሳብ የጨመረላቸው።

ደረጃ 6፦ ሮቶና የቧንቧ መዝጊያ

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሰቀላችሁ፣ የባልዲውን ሙከራ አስታውሱ። ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ሮቶ መሬት ላይ ካስቀመጣችሁት ሩቡ ሲቀር ከቧንቧው የሚወጣው ውሃ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። 3 ሜትር ማማ ላይ ከሰቀላችሁት ግን ሲሞላ ከፍታው 4 ሜትር፣ ሊያልቅ ሲል 3 ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ ከሙሉው እስከ መጨረሻው የሚቀንሰው ከመቶ 13 ያህል ብቻ ነው። ማማው ግፊት ከመጨመሩ በላይ ፍሰቱን ወደ ቋሚ ያስጠጋዋል። በጠብታ መስኖ ለምትሠሩ ይህ ከግፊቱም ይብሳል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሰዓት ጠብታ የማይመጣጠነው ብዙ ጊዜ በርሜሉ ዝቅ ስላለ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው የአንድ ሰከንድ ተለዋዋጭ ፍሰት ነው። ቧንቧ ባንዴ ስትዘጉ ግድግዳው ውስጥ «ድው!» የሚለው። ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ሞስኮ ውስጥ በ1898 ያወጣው ቀመር ቀላል ነው፦ የግፊቱ ጭማሪ የውሃው እፍጋት፣ በቧንቧው ውስጥ የሚሮጠው የግፊት ሞገድ ፍጥነትና ባንዴ የተገታው የውሃ ፍጥነት ብዜት ነው። በብረት ቧንቧ ሞገዱ በሰከንድ ወደ 1,200 ሜትር ይሮጣል። በሰከንድ 2 ሜትር የሚሄድ ውሃ ባንዴ ከተገታ ጭማሪው 24 ባር ነው፤ የ240 ሜትር ከፍታ ውሃ ባንዴ እንደተጫነበት ያህል።

«ባንዴ» የሚባለው ስንት ነው? ሞገዱ እስከ ቧንቧው ጫፍ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ከወንዝ በፓምፕ የምትስቡበት መስመር 600 ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ 1 ሰከንድ ይፈጃል። ጌት ቫልቩን (እየዞረ የሚዘጋውን መዝጊያ) በዚያ ጊዜ ውስጥ ከዘጋችሁት ሙሉውን ዱላ ትቀበላላችሁ። ከዚያ ብዙ እጥፍ አዘግዩት፤ በተለይ የመጨረሻዎቹን ዙሮች፣ ምክንያቱም ጌት ቫልቭ ፍሰቱን በደንብ የሚቆርጠው መጨረሻ ላይ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ራሱ ባንዴ እንደሚቆም አትርሱ፤ እሱን እጃችሁ አያዘገየውም፤ ለዚህ የሚሆን መከላከያ መስመሩ ሲዘረጋ አብሮ መታሰብ አለበት።

ተማሪዎች፦ የተለመደውን የበርኑሊ ቀመር ለዚህ አትጠቀሙ። ያ የተሠራው ለቋሚ ፍሰት ነው። ሮቶው ቀስ እያለ ስለሚጎድል ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ በየቅጽበቱ ቋሚ ነው ብሎ ማሰብ አያጎድልም። ለተዘጋ ቫልቭ ግን መልሱ ከንቱ ነው።

ደረጃ 7፦ ደራሽ ሲመጣ

ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከራሷ በላይ ያለው የጣርማ በር ተራራ 3,000 ሜትር ያልፋል። ከላይ የወረደው ዝናብ በደብረ ብርሃን በኩል ከሆነ በበሬሳ ወደ ጀማ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በዚህ በኩል ያለው በሮቢ ተንደርድሮ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ታች ፀሐይ እየጠበሰ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ወንዙ ይሞላል። የተለዋዋጭ ፍሰት ምሳሌ ከዚህ የጠራ አላውቅም፦ ቦታው ተይዞ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉ ነገር ይቀየራል።

ውሃው ባንዴ ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ ጉምጉምታ ከሰማችሁ ዘንጉንም ጠርሙሱንም ትታችሁ ውጡ። ከዳር ሆናችሁ የዘንጉን ንባብ በስልክ ማንሳት ትችሉ ይሆናል፤ ግን በሰንጠረዣችሁ ወደ ሊትር አትቀይሩት። ወንዝ ሲሞላ ከኋላው የሚገፋው ስላለ የውሃው ፊት ወደ ታች ይበልጥ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ዘንጉ ላይ ያው 80 ሳንቲ ሜትር ሲነበብ፣ በመሙላት ላይ ያለው ወንዝ በመጉደል ላይ ካለው የበለጠ ውሃ ይዟል። ለአንድ ንባብ ሁለት መልስ። ፈረንሳዊው ሳን ቬናን በ1871 ለዚህ ዓይነቱ ፍሰት ቀመር ያወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ በኮምፒውተር የሚፈታው እሱ ነው።

አንድ ነሐሴ ላይ ቦዩ አፍ ላይ የተከልኩትን ዘንግ ጎርፍ ወሰደው። ውሃው ሲጎድል የውሃ አባቱ ሌላ የባሕር ዛፍ እንጨት ልጠው አመጡልኝ፤ ምልክቱን በጣት በጣት ቀርጸውበታል። የእሳቸው አንድ ጣት ስንት እንደሆነ ለመለካት ሜትሬን ሳወጣ ሳቁብኝ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።